አርባ ደቂቃ

በአንድነት ግቢ የታመመ ሰው በሰላም አይተኛም። ባለፈው ሐምሌ የሒሳብ መምህርቷ እግሯ ተሰብሮ ቤት በዋለች በመጀመሪያው ቀን ስልሳ ሁለት ጠያቂ መጣላት። ሁሉም ሁለት ሦስት እየሆነ በየተራው ገባ፣ የእጁን አምባር ራስጌዋ ካለው ሳጥን ጋር አስነካ፣ “እግዜር ይማርሽ” አለ፣ አስራ አምስት ደቂቃውን ቁጭ ብሎ ጨረሰና አምባሩ ሲጮህ ተነስቶ ሄደ። ወደ አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ የመጨረሻዋን ጠያቂ “እባክሽ አንድ ብርጭቆ ውኃ” ብትላት፣ ጠያቂዋ ሰዓቷን ጨርሳ ጫማዋን እያሰረች ስለነበር “የሚቀጥለው ሰው ይሰጥሻል” ብላ ወጣች። የሚቀጥል ሰው አልነበረም።

ሠላሳ አንደኛዋ ጠያቂ ርዕሰ መምህርት ሶሊያና ነበረች። እሷም ብትሆን ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ አልጠየቀቻትም። ታሪኩን በኋላ ስትሰማው ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሳቋ ጠፋ።

ሶሊያና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በ2073 ዓ.ም. ሶሊያና፣ ናሆም፣ ሄራን የሚባሉት ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ናቸው፤ ሕፃናቱ ደግሞ ትርንጎ፣ ደምስሰው፣ የሺመቤት ተብለዋል። ግቢው ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው፤ አስራ አንድ ብሎክ፣ አንድ በር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ እድር አለው። ቤትና የትምህርት ቤት ወንበር አብረው ይሰጣሉ፣ አብረውም ይወሰዳሉ። ወንበር ያጣ ልጅ ካለ ቤተሰቡ ዕቃውን ይሸክፋል።

ሕጉን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ለቅሶ አርባ ደቂቃ ነው። በሽተኛ መጠየቅ አስራ አምስት፣ አራስ መጠየቅ ሃያ። መንገድ ላይ ቆሞ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቆ ሰላም የተባባለ አንድ ደቂቃ ይያዝለታል። እያንዳንዱ ቤት በዓመት ሦስት ሺህ ደቂቃ አብሮነት ማሟላት አለበት። ያላሟላ ቤት ልጅ፣ ትምህርት ሲከፈት ርዕሰ መምህርቷ በማይክሮፎን ስም ስትጠራ አይጠራም። ያልተጠራ ልጅ ያለው ቤተሰብ ምስክር የሚያመጣበት ሰባት ቀን አለው። ከዚያ በኋላ በሩ ክፍት ነው፣ ወደ ውጭ።

ነገሩን የጀመረችው ሶሊያና ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። የዛሬ አስራ ሰባት ዓመት ርዕሰ መምህርት ሆና በተሾመችበት መስከረም፣ በመክፈቻው ንግግሯ ላይ፣ ሐዘን የደረሰበትን አንድ መምህር ሳይለዩ ያጽናኑ ስምንት ቤተሰቦችን በስም ጠርታ አመሰገነች። ሕዝቡ አጨበጨበ። በዓመቱ ሃያ ቤተሰብ ቢሮዋ መጥቶ “እኛስ ለምን አልተጠራንም?” አለ። በሦስተኛው ዓመት እድሩ ማን የት እንደዋለ ቢጻፍ ይሻላል አለ። በአምስተኛው ደቂቃ የሚቆጥረው አምባር መጣ። ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ሁሉም ለመልካም ነው ብሎ እጁን ዘረጋ። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ የምትረግመው አንድ ክፉ ሰው እንኳ የላትም።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ናሆም የዓመቱን ዝርዝር ይዞ ቢሮዋ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሰው ነው። አምባሩን ከአምባሯ አስነክቶ ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀ፤ መልሱን ግን አልጠበቀም።

“ስድስት መቶ አስራ ሁለት ልጆች። ዘንድሮ የማትጠራው አንዲት ብቻ ናት፤ እግዜር ይመስገን” አለ። “አምና አራት ነበሩ። እየተሻሻልን ነው፣ እትዬ ሶሊያና።”

“ማን ናት?”

“የብሌን ልጅ፣ ትርንጎ። ያቺ የነፋስ ማማ ላይ የምትሠራዋ ብሌን። አስራ አንድ ለቅሶ ቀርታለች።”

“ስንት ጎደላት?”

“መቶ አርባ ደቂቃ። ትንሽ ናት፤ ግን መስመር መስመር ነው።”

ሶሊያና ዝርዝሩን የምታነብ መስላ አቀረቀረች። ለብሌን የሚገባ መቶ ሰማንያ ደቂቃ የት እንዳለ ታውቃለች።

በየካቲት ባለቤቷ ናትናኤል ሲሞት አራት መቶ ስድስት ሰው ድንኳኗ ገብቶ ወጥቷል። የለቅሶው ምግብ የተሠራባቸውን ሰባቱን የእድር ድስቶች አጥቦ መመለስ የተረኛ ሴቶች ሥራ ነው፤ የተረኞቹ አለቃ ደግሞ የአቶ ናሆም ሚስት ሄራን ነበረች። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ሄራንን ጨምሮ አራቱ ተረኞች ወጥ ቤቷ በር ላይ አምባራቸውን አስነኩ፣ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ፣ “ነገ በጠዋት መጥተን እናጥባለን” ብለው ሄዱ። በነጋታው አልመጡም። ሶሊያና ሰባቱ ድስት ፊት ብቻዋን ቆማ፣ ከየትኛው እንደምትጀምር ጠፍቷት፣ በደረቀው ወጥ ላይ እንባዋን ስታፈስ ብሌን በጓሮ በር ገባች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ የስድስት ዓመቷን ትርንጎን አስከትላ ነበር። ውኃና ሳሙና እንዳይገባው ብላ አምባሯን ፈታ መስኮቱ ጎን ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈተገች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አደረቀች። ሲጨርሱ ብሌን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ “እግዜር ያጽናዎት” አለችና ወጣች።

ከሁለት ቀን በኋላ ሄራን ወረቀት ይዛ መጣች። “ለድስቶቹ እጥበት ይፈርሙልን እንጂ፣ እትዬ” አለች፤ ለአራቱም ሴቶች መቶ ሰማንያ መቶ ሰማንያ ደቂቃ። ለቅሶሽን የደረሰን ሰው ፊት ለፊት እንዴት “አላጠባችሁም” ይሉታል? ይሉኝታ ያዛትና ፈረመች። የሐሰት ፊርማ ደግሞ ከግቢ ያስወጣል። ሶሊያና በሚመጣው ሰኔ ጡረታ ትወጣለች፤ መዝገቧ ንጹሕ ከሆነ ናትናኤል የሞተበት ቤት እስከ ዕለተ ሞቷ የእሷ ነው።

የቢሮው በር ተንኳኳ። ብሌን ነበረች፣ ትርንጎን በእጇ ይዛ። ከማማው በቀጥታ የመጣች ትመስላለች፤ ወገቧ ላይ የታሰረው የመወጣጫ ቀበቶ አልተፈታም።

“እንደምን አደሩ፣ እትዬ?”

“ደህና፣ እግዜር ይመስገን።”

“እኛንም ሰላም በይን እንጂ” አለ ናሆም እየሳቀ፣ አምባሩን ዘርግቶ። “አንድ ደቂቃም እኮ ደቂቃ ናት፤ ላንቺ በተለይ።”

ብሌን አላየችውም። “እትዬ፣ ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ክረምቱን ሙሉ ማማው ላይ ነበርኩ። የለቅሶው ጥሩምባ አምባሬ ላይ ሲነፋ እሰማለሁ፤ ግን መሰላሉን ወርጄ፣ መኪና ጠብቄ እስክደርስ ቀብሩ ያልቃል። ሥራውን ጥዬ ብመጣ ደግሞ የግቢው መብራት ይጠፋል።”

“ሥራ የሌለው ማን አለ?” አለ ናሆም። ፈገግታው እንዳለ ነው። “እኔ ሥራ የለኝም? ሰው ግን ይቀድማል፣ ብሌን። ያለ ሰው መኖር እንደማይቻል ለልጅሽ ማን ያስተምራት?”

ትርንጎ ድንገት አፏን ከፈተች። “እናቴ እኮ እትዬ ቤት ድስቶቹን . . .”

የብሌን እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። “ዝም በይ።”

“የምን ድስት ነው?” አለ ናሆም።

ሦስቱም ሶሊያናን ያዩ ጀመር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ የናሆም አምባር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጇ አጠገብ፣ ትንሽ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ያዳምጥ ነበር።

“ልጅ ናት” አለች ሶሊያና። “ልጅ የምትለውን ምን ታውቃለች?” ከዚያም ድምፅዋን ቆፍጠን አድርጋ፣ “ዝርዝሩ የእድሩ ነው፤ እኔ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ምስክር ካለሽ በሰባት ቀን ውስጥ አምጪ” አለቻት።

ብሌን ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ንዴት ቢኖር ይሻል ነበር፤ አልነበረም።

“ምስክር የለኝም” አለች። “ደህና ይዋሉ።”

ትርንጎ ከበሩ እስክትወጣ አንገቷን አዙራ ሶሊያናን ታያት ነበር። ናሆም ዝርዝሩን አጣጠፈና “ትሁት ሴት ናት” አለ። “እንዲያው ዕድል የላትም እንጂ።”

ቅዳሜ ሶሊያና የመክፈቻ ንግግሯን ልታዘጋጅ ተቀመጠች። በየዓመቱ ርዕሱ አንድ ነው፤ “የአዲሱ ዓመት አብሮነታችን” ይባላል። ላለፉት ስድስት ዓመታት የሚጽፍላት የጠረጴዛዋ ማሽን ነው፤ እሷ ቀኑን ታስተካክልለታለች። ዘንድሮም ገና ስትቀመጥ “ውድ ወላጆች፣ አዲሱ ዓመት የመተሳሰባችን መስታወት ነው” ብሎ ጀመረላት። አጠፋችው። “ውድ ወላጆች፣ ማንም በብቸኝነት የማይተውበት ግቢ . . .” አለ። ይህንንም አጠፋችው። ማሽኑን ዘጋችና እርሳስ ፈለገች፤ ቤቱ ውስጥ አንድ እርሳስ አልተገኘም።

እናቷን አስታወሰች። ልጅ ሳለች፣ ግቢው ያለበት ቦታ የገብስ ማሳ በነበረበት ዘመን፣ እናቷ በአጥር ምክንያት ያኮረፈቻት አንዲት ጎረቤት ነበረቻቸው። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። የሶሊያና አባት ሲሞት ሴትዮዋ ሳትመጣ ቀረች። ሠፈሩ አማት፤ እናቷ ግን አላማቻትም። በሁለተኛው ዓመት ሴትዮዋ ተነስታ መጣችና በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። እናቷ አይታት፣ ተነስታ አቀፈቻት፤ ሁለቱም እንደ አዲስ ሐዘን አለቀሱ። ያ ለቅሶ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የሚያውቅ የለም። ያኔ ሰው መቅረት ይችል ነበር፤ ስለዚህ ሲመጣ መጣ ይባላል። አሁን የሚቀር የለም። የሚመጣም የለም።

ጠላቻቸው። በመስኮቱ ቁልቁል እያየች ሁሉንም ጠላቻቸው፤ ቅዳሜያቸውን ከብሎክ ብሎክ እየተሯሯጡ የታመመ የሚፈልጉትን፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ሦስቱን ጥያቄ የሚደረድሩትን፣ አራስ ቤት በር ላይ ወረፋ ይዘው የሚጣሉትን። የገዛ ተማሪዎቿ እንኳ በዕረፍት ሰዓት ሰላምታ ይለዋወጡ ጀምረዋል፤ እኔ ሁለቴ ጠይቄሃለሁ፣ አንተ አንዴ ይቀርሃል ሲባባሉ በጆሮዋ ሰምታለች። ከሁሉም ግን አብልጣ የጠላችው ራሷን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወሰነች። ብሌን ቤት ሄዳ፣ “ነገ እመሰክርልሻለሁ፤ ልጅሽን አዘጋጅተሽ አምጪ” ልትላት ተነሳች። ብሎክ ዘጠኝ ደረጃ ሥር ስትደርስ ሄራን ፊት ለፊት መጣችባት። አምባራቸውን አስነኩ፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ ተባባሉ።

“ወዴት ነው፣ እትዬ? ብሌን ጋ እንዳይሆን ብቻ” አለች ሄራን፣ ክንዷን ያዝ አድርጋ። “ከመስመር በታች ያለ ቤት የገባ ሰው ደቂቃው እንደሚቀነስ ያውቃሉ መቼም። ለጡረታዎ ስንት ወር ቀርቶዎት!”

“ኧረ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው” አለች ሶሊያና።

“ደግ አደረጉ። በዕድሜ እግር ይተሳሰራል።”

ተመለሰች። ጥቂት ሄዳ ዞር ብላ ሽቅብ ስታይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብሌን ሰገነት ላይ፣ የትርንጎ አረንጓዴ ዩኒፎርም ታጥቦ ተሰጥቷል። ትንሽ ነው፤ ነፋሱ እጅጌዎቹን ያወዛውዛቸዋል። ሶሊያና ልቧ ቅልል አላት። ዩኒፎርም የሚያጥብ ሰው ተስፋ አለው ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ነገ ይመጣሉ። ነገ በማይክሮፎን፣ በሁሉም ፊት፣ እመሰክርላቸዋለሁ። ደረጃውን አለመውጣቷን እንደ ብልጠት ቆጥራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈዋል፤ ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። የደብረ ብርሃን የመስከረም ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሁሉም እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ አምባሩን ብቻ ውጭ ትቶታል። ባንዲራ ተሰቀለ፣ መዝሙር ተዘመረ። ሶሊያና ወደ ማይክሮፎኑ ስትቀርብ ናሆም መድረኩ ላይ ከጎኗ ቆመ። በሰልፉ ውስጥ ትርንጎን በዓይኗ ፈለገቻት። ስድስት መቶ አረንጓዴ ዩኒፎርም መሐል አንዲት ልጅ መለየት አልቻለችም።

“ውድ ወላጆች” አለች። “በየካቲት ባለቤቴ ሲያርፍ አራት መቶ ስድስት ሰው ለቅሶዬን ደርሷል። አምባሩ እንደዚያ ይላል። እኔ የማስታውሰው ሁለት ሰው ነው።”

ሕዝቡ ሊያጨበጭብ የተዘጋጀውን እጁን እንደያዘ ቀረ።

“ሁለቱም አምባር አላሰሩም ነበር። አንዷ ሰባት ድስት ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈተገች። ሌላዋ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ክዳን አደረቀች። በእድሩ ወረቀት ላይ ግን ያጠቡት አራቱ ተረኞች ናቸው ብዬ ፈርሜያለሁ። ሐሰት ነው። ድስቱን ያጠበችው ብሌን ናት። ይህን ዓርብ ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ልጇን ፊቴ አቁሜ ፈራሁ። እናንተን ነው የፈራሁት። አብሬያችሁ አስራ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ ከመካከላችሁ አንድ የማልፈራው ሰው የለኝም። የአብሮነታችን ነገር እንግዲህ ይኸው ነው።”

ጉምጉምታ ተነሳ። አንድ ሰው ከኋላ “ይበቃል!” ብሎ ጮኸ። “ይቺን ከመድረክ አውርዱ!” አለች አንዲት ሴት፤ ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟት ሶሊያና አስራ አምስት ደቂቃ የተቀመጠችላት ሴት ናት። የሄራን ፊት ከፊተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ናሆም ቀስ ብሎ ቀረበና ማይክሮፎኑን ወሰደ።

“እናመሰግናለን” አለ፣ ፈገግ ብሎ። “እድራችን ለእውነት በሩን ዘግቶ አያውቅም። ምስክርነቱን ተቀብለናል፤ ከተረኞቹ ተነስቶ መቶ ሰማንያው ደቂቃ ለብሌን ተመዝግቧል። ከመስመር በላይ ናት። የተሳሳተ ፊርማም ቢሆን በአደባባይ ከተናዘዙበት ይቅር ይባላል። ልጅቷ ትጠራ!”

ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። አምባሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮሁ፤ ይህም ደቂቃ አለው ማለት ነው። ሶሊያና ደርቃ ቀረች። እንዲህ ቀላል ነበር? ሁለት ቃል ይበቃው ነበር? ለዚህ ነው ሦስት ቀን የተሰቃየችው? ቢሆንም ደስታ በደረቷ ሽቅብ ወጣ። ማይክሮፎኑን ተቀብላ ጠራች።

“ትርንጎ ኢዮብ!”

“አቤት” የሚል ድምፅ አልተሰማም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

“ትርንጎ ኢዮብ!”

የሁለተኛ ክፍል ሰልፍ ላይ አንድ ሰው የሚቆምበት ክፍት ቦታ እንዳለ አሁን አየች። ፊቷ ያለው ቦታ ነው፤ እስካሁን አላየችውም ነበር።

“ትርንጎ!” አለች። “ትርንጎ ኢዮብ፣ የት ነሽ?”

የበሩ ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መድረኩ ቀረበ። “እትዬ፣ እነሱ እኮ ሊነጋጋ ሲል አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተዋል። ሁለቱንም አምባር እኔ ጋ ትተው ነው የሄዱት። ‘ስሟ ሳይጠራ ቆማ ከምታይ’ አለች እናትየዋ።”

ናሆም አዘነ፤ ቢያንስ ፊቱ አዘነ። ዝርዝሩን ከብዕር ጋር አቀረበላት። “ከመስመር በላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። ሕጉን ያውቁታል። ይጻፉልን።”

“ሰባት ቀን አላት!”

“ሰባት ቀን ላልተጠራ ሰው ነው፣ እትዬ” አለ በለሆሳስ፣ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፍኖ። “ባይጠሯት ኖሮ እስከ ሰኞ ፈልገው ይመልሷት ነበር። አሁን ግን ጠርተዋታል። ሥራችንን አቀለሉልን።”

“አልጽፍም።”

“እኔ እጽፈዋለሁ እንግዲህ” አለና ጻፈው። በዚያው ቅጽበት የሶሊያና አምባር ሞቅ ብሎ ጮኸ። ለአደባባይ ምስክርነት ስልሳ ደቂቃ ተጨምሮላታል።

ሰው ከግቢው ለቆ ሲሄድ ስንብት ይቀመጡለታል፤ እንደ ለቅሶ አርባ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ብሎክ ዘጠኝ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ሳጥኑ መሐል ላይ ተቀመጠ፣ ግቢው በሙሉ መጣ። ተቀምጠው ስለ ብሌን አወሩ። “እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች!” አለ አንዱ። “ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም” አለች ሌላዋ። “ልጅቷስ ብትሆን፣ እንዴት ያለች አስተዋይ!” ቁጭ ካሉት ውስጥ ዓርብ ዕለት እነብሌን ከትምህርት ቤቱ ሲመለሱ ሰላም ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ሶሊያናን መሐል አስቀመጧት። ሄራን አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ ትከሻዋን በትከሻዋ ተደገፈቻት፣ እንደ ዘመድ።

“መቶ ሰማንያ ደቂቃው አይቆጨኝም፤ ሞልቶ የተረፈኝ ነው” አለች፣ ፊቷን ወደ ፊት እንዳደረገች። “ስሜን ግን በልጆቼ ፊት አጎደፉት። እስከ ሰኔ ብዙ ቀን አለ፣ እትዬ። ጡረታዎን በሰላም ያድርግልዎ።”

ሶሊያና አስራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ተነሳች። “ገና ነው እኮ!” አሉ ከኋላዋ። ደረጃውን ወጣች። የብሌን በር አልተቆለፈም። የሚቆለፍ ነገርም አልነበረም፤ አልጋው የቤቱ ነው፣ ጠረጴዛው የቤቱ ነው፣ ሁሉም የግቢው ንብረት ነው። ጠረጴዛው ላይ የትርንጎ ዩኒፎርም ተተኩሶ፣ እጅጌዎቹ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ቁልፎቹ እስከ አንገት ተቆልፈው ተቀምጧል። ደረቱ ላይ የግቢው ማኅተም አለ። ያጠበችው ልትመልሰው ነበር። የሰው ዕቃ ቆሻሻ ሆኖ አይመለስም።

ሶሊያና ዩኒፎርሙን አልነካችውም። ወደ ወጥ ቤት አለፈች። አምባሯን ፈታ መስኮቱ ላይ አኖረችው፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። አንድ ነገር ልታጥብላት ነበር የመጣችው፤ አንድ ሰሐን፣ የቁርስ ብርጭቆ፣ በጥድፊያ የተተወ ድስት። ቆመች። ሁሉም ታጥቧል። ሰሐኖቹ በመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ሁለት ብርጭቆ በአፋቸው ተደፍተዋል፤ ድስቱ ሌላ ቦታ፣ ክዳኑ ሌላ ቦታ ደርቀዋል። ክዳኑ በጨርቅ ተወልውሎ ያበራል። ማን እንደወለወለው ታውቃለች።

ከታች አምባሮቹ በአንድነት ጮሁ። አግዳሚዎቹ ሲንቀሳቀሱ፣ ሰዎቹ ሲሳሳቁ፣ ለሚቀጥለው አራስ ቤት ሲቀጣጠሩ ተሰማ። አርባው ደቂቃ ሞልቷል። አንድ ሰው ከሥር “እትዬ ሶሊያና፣ አምባርዎ አይነበብም እኮ! ደቂቃዎ ባከነ!” ብሎ ተጣራ።

ሶሊያና ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃው እጅ ያደነዝዛል። ንጹሑን ድስት አወረደችና እንደገና ታጥበው ጀመር።